ፍቺ

ህልም የሚፈታ አለ፣ ቅኔም የሚፈታ፣
ትዳሩንም ፈቶ ያደረ በአንድ ማታ፤
እኔ የምፈታው ቅዳሜ ከሰዓት
ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር የከፈልኩበት፣
ከዊኒፔግ ዳርቻ፣ ከብረት መቃብር
በሰንሰለት ታንቆ የወጣ ሞተር።

ሻጩ ምሎ ነበር፦ «ባለቤቷ አሮጊት፣
ከቤት እስከ ቸርች ነው የነዳችው ጥቂት፤
ተከፍቶም አያውቅም!» አለና ደረሰኝ
ሳይጽፍ ገንዘቤን ቆጥሮ በጥቅሻ ሸኘኝ።

ውጭ ሠላሳ አንድ ነው፣ ከዜሮ በታች።
ማሞቂያዋ በአንድ እግሯ ጥግ ላይ ቆማለች፤
የሚስቴ ኮሮላ በበረዶ ታጥሮ
ሆዱ ባዶ ቀርቷል ከኅዳር ጀምሮ፤
እሷ በሁለት አውቶቡስ ሥራ ትመላለሳለች፣
«ደረሰ?» አትልም። ጫማዋን ታራግፋለች።

ኅሪት መብራት ይዛ፣ ጓንት በጓንት ደርባ፤
ከአውቶቡስ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ መልስ
ሮዴል ጎረቤቴ ሳይተኛ ገባ።

ልጄ ከስልኳ ላይ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣
እኔ ስሙን ስጠራው በሳቅ ትፈርሳለች፦
«ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ብሮንዚን…»
«አባዬ፣ ይሄ ደግሞ አማርኛ ነው?» — «አዎን።
ጣሊያን ጥሎት ሄደ፣ ጋራዥ አነሣው፣
ግሪስ ቀባንና የኛ አደረግነው።»
ቡሎኑ ግን በስም ተለምኖ አይፈታም፤
በመዶሻ እንጂ በሰዋስው አይረታም።

ክዳኑ ሲነሣ፣ ከድስት ሥር እንደያዘ ሽሮ
ጥቁር ዝቃጭ አለ፣
ዘይት መቀየር የሰለቸው ሰው የእጁ ጽሕፈት።
አራተኛው ፒስተን፣ ፋሻው ተጣብቆበት፣
ዘይት ይጠጣ ነበር፣ በሩን ዘግቶ፣ በድብቅ፣
እንደ ታላቅ አጎቴ፣ ሲያስል ብቻ የሚታወቅ።

ኮፓውን ገለበጥን።
ማግኔት የማያነሣው ብናኝ
ዘይቱ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል።
ሮዴል ማፏጨቱን አቆመ።

አንደኛው ብሮንዚን፦ ግራጫው ተልጦ መዳቡ ወጥቷል።
ሁለተኛው እንዲሁ።
አራተኛውን ለኅሪት አላሳየኋትም።
ሦስተኛው ላይ ግን እጄ ቀጥ አለ፤
የሌላ ፋብሪካ ማኅተም፣ ፊቱ ንጹሕ፣ ጭረት የለው።
ተከፍቶም አያውቅም! አይ አንተ ሰውዬ።
አንድ ሰው ከእኔ በፊት እዚህ ውስጥ ነበር።

አስቀድሜ ሰደብኩት፦ ከአራት አንድ የሚቀይር ማነው?
ስድቡ ሳያልቅ መልሱ መጣ፦
አራት መግዣ የሌለው ነው።
የጮኸውን ብቻ ዝም አሰኝቶ የዘጋ፣
ምናልባት በጀርባው በረዶ ላይ ተኝቶ፣
ምናልባት በኪራይ ቀን ዋዜማ፣
ቡሎኑን ግን፣ ጠርገን ስናየው፣ በልኩ አጥብቆታል።

ክፍተት የሚለካ የሰም ክር አለ፣ ከፀጉር የቀጠነ፤
በክራንኩና በብሮንዚኑ መሐል አስተኝተህ ታጠብቃለህ፣
መልሰህ ትፈታለህ፤
የተጨፈለቀው ሰም ስንት እንደቀረህ ይነግርሃል።
«ሰሙ ይሄ ነው» አልኳት፣ «ወርቁን ፈልጊ።»
የተላጠውን መዳብ አነሣች፦ «ይሄ?»
«እሱማ ከታየ ሞተሩ አለቀ።»
የሦስተኛውን ሰም ከመለኪያው ወረቀት አስጠጋን፤
ልክ ነው፣ ያ የማናውቀው ሰው እንደተወው።
ወርቁን አልፈታሁላትም።

ሰኞ፣ መለዋወጫ መደብር፦ ሦስት አይሸጥም፣ አራት ነው።
አራት ገዛሁ። ሦስት ገጠምን።
የተረፈውን ጥንድ ከነዘይት ወረቀቱ በላስቲክ ጠቅልዬ
ከዳሽቦርዱ ኪስ፣ ከኢንሹራንሱ ሥር አኖርኩት፤
በማርከር ጻፍኩበት፦ «የሦስተኛው ነው። ለሚፈታው።»

ሮዴል አንገቱን አስግጎ ፊደሉን አየ፦
«ማን ያነበዋል?»
ኅሪት መብራቱን አጠፋችው።
ማሞቂያዋ ጥቂት ቆየች፣
ብረቷ እየቀዘቀዘ፣
ጭጭ… ጭጭ…